ፖስታው የታለ?

በአቶ ንጉሡ ሳሎን መሀል ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። እንደ ወጉ «ተቀመጡ» እስኪባሉ ነው የቆሙት፤ ግን ተቀመጡ የሚላቸው ጠፋ። ከማሻ ተነስተው፣ ኩታበር አድረው፣ መኪና ቀያይረው፣ አቧራ ጠጥተው መካነ ሰላም የደረሱ ሰዎች ናቸው። ቀኑ እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቷል፣ አገሩ ሁሉ ቤቱ ገብቶ እንግዳ ያስተናግዳል። እዚህ ቤት ግን ውሃ እንኳ ያቀረበላቸው የለም። ኧረ በሕግ! የሰው አባት እንዲህ ይቆማል?

የትምወርቅ የጓዳውን በር ተደግፋ ታያቸዋለች። ከሁለት ወር በፊት እነዚሁ ሰዎች እዚሁ ቦታ ቆመው እሷን ለአሳምነው ለምነዋል። ያኔ አባቷ ፊቱን ባይፈታም «እንመካከር፣ በሁለት ወር ተመለሱ» ብሎ ሸኝቷቸው ነበር። የዚያን ዕለት እሷ ከደስታ ብዛት የጨው ዕቃውን ደፍታዋለች። ዛሬ ግን በሆዷ ያለው ደስታ አይደለም። ዛሬ ደሟ ፈልቷል።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ወደ መውጫው በር፣ አሳምነው ራሱ ቆሟል። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ወግ አይደለም። እሱ ግን «እምቢታም ከሆነ በጆሮዬ ልስማው» ብሎ ተከትሏቸው መጣ። ከስቷል። ያ የምታውቀው አረንጓዴ ሹራብ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ገጠሙ። የትምወርቅ ልትራራለት ስትል ቶሎ ራሷን ገሠጸች።

«ዓይን አውጣ!» አለች በሆዷ። «ያን ሁሉ ጽፎ ደግሞ ሊያየኝ!»

አሳምነውን ያወቀችው የዛሬ ሦስት ዓመት ደሴ ላይ፣ ለመምህራን በተዘጋጀ ስልጠና ነው። እሷ እዚሁ መካነ ሰላም ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ነጋዴው የአቶ ንጉሡ አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሱ ማሻ ላይ ፊዚክስ ያስተምራል፤ የገበሬ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የጭቃ ቤት ከእናቱ ከእማማ አሰጋሽ ጋር ይኖራል። ጉም በሌለ ጠዋት ከደጃቸው የመቅደላ አምባ ይታያል ይላታል። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ ከመንገዱ ይልቅ ግን የአቶ ንጉሡ አፍንጫ ይርቅ ነበር። «ገበሬ ልጁን አስተማረ ማለት ዘመዴ ሆነ ማለት ነው እንዴ?» ይላል አባቷ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር።

ከስልክ ላይ ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ መገናኛቸው ኢሜይል ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ እሱ በትምህርት ቤቱ መስመር ይጽፋል፤ እሷ ከክፍል ስትወጣ ታነባለች። ረጅም ነው የሚጽፈው። ስለ ተማሪዎቹ፣ በረዶ ስለ መታው ባቄላ፣ ስለ እናቱ ጉልበት። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ሐሙስን ማን አራቀው?» ብሎ ይዘጋል። የትምወርቅ ያቺን መዝጊያ ቶሎ ለማየት ስትል ደብዳቤውን ከታች ወደ ላይ ታነበው ነበር። ፍቅር እንዲህ ያደርጋል፣ ምን ይባላል!

ከስድስት ሳምንት በፊት ግን ደብዳቤ ማክሰኞ መጣ።

«አንብብላቸው» አለ አቶ ንጉሡ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ልጃቸውን ይወቁት።»

ወንድዬ፣ የየትምወርቅ ታላቅ ወንድም፣ ያኔ እሷ አትማ ያሳየቻቸውን ወረቀት ይዞ ብድግ አለ። የአባቱን ሱቅ የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ለሠርግ የተጠራ መስሏል። ድምፁን ጠረገና አነበበ፦

«የትምወርቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጠብቂኝ። ሽማግሌ የላኩት አንቺን ብዬ ሳይሆን የአባትሽን ስም ብዬ ነው። አሁን ደሴ ተዛውሬያለሁ፤ አብራኝ የምትኖርም አግኝቻለሁ። የሀብታም ልጅ መሆንሽን እንጂ ሴት መሆንሽን አይቼው አላውቅም። አሳምነው።»

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የትምወርቅን ዳግመኛ ወጋቻት። ስድስት ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር ስትሰማት የኖረች ዓረፍተ ነገር ናት።

«እኔ አልጻፍሁትም» አለ አሳምነው።

«ስምህ ነው ያለው!» ጓዳውን ለቃ ወጣች። «ስምህም አድራሻህም! በዓይኔ አይቼዋለሁ! ደግሞ ልትክድ ነው የመጣኸው?»

«ስሜ ነው፣ የትሜ። እኔ ግን አልጻፍሁትም። ይሄን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«የትሜ አትበለኝ!»

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ጋሽ ፈንታው እጃቸውን ለወረቀቱ ዘረጉ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ወረቀቱን አዩት፤ ገለበጡና ጀርባውን አዩት፤ ወደ ብርሃን አነሱት።

«ፖስታው የታለ?» አሉ።

ወንድዬ ሳቀ። «ጋሼ፣ ኢሜይል እኮ ነው! ኢሜይል ምን ፖስታ አለው?»

«አትሳቅ። ወረቀት ላይማ ማንም የማንንም ስም ይጽፋል፤ እኔስ አሁን ቁጭ ብዬ የጳጳስ ስም ብጽፍ ማን ይይዘኛል? ደብዳቤ ከየት እንደ ተነሳ የሚናገረው ማኅተሙ ነው። ማኅተሙ ደግሞ ፖስታው ላይ ነው። ያለፈበት ቤት ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ይመታበታል። ይሄ የት የት ተመታ?»

የትምወርቅ «የለውም» ልትል አፏን ከፈተችና እንደ ከፈተች ቀረች።

አለው እንጂ! በየዓመቱ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ላይ የምትስለው ምን ሆነና? «ልጆች፣ ላኪው የጻፈውን ስም አትመኑ፤ ስም ማንም ይጽፋል። መልእክቱ ያለፈባቸው ጣቢያዎች የመቱትን እመኑ» እያለች የምታስተምረው እሷ አይደለችም? ሄደር ይባላል፤ ከደብዳቤው ጀርባ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ማየት የፈለገ ይከፍተዋል። ያን ዕለት ደግሞ በአሳምነው ፎቶ ቦታ «ላኪው አልተረጋገጠም» የምትል ትንሽ የጥያቄ ምልክት ተቀምጣ ነበር። አይታታለች። በዚያ ንዴት ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? ለሰው ልጅ የምታስተምረውን ለራሷ ረሳችው።

«አለው» አለች ቀስ ብላ። «ፖስታ አለው፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

«ተይ አንቺ!» አለ አቶ ንጉሡ። «ያለቀ ነገር አታንሺ።»

«አላለቀም፣ አባባ። ትምህርት ቤት ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እኔም እከተልሻለሁ» አሉ ጋሽ ፈንታው። «በዓይኔ ያላየሁትን ማኅተም አልመሰክርም።»

በበሩ ስታልፍ አሳምነው ገለል አለላት። አላየችውም፤ ማየት ፈራች። እውነት ካልጻፈውስ? የሚለው ሐሳብ ከውርደቱ ሁሉ ይልቅ አስፈራት።

*

ደግነቱ መብራት ነበረ። ዘበኛው የኮምፒውተር ክፍሉን ከፈተላቸው፤ ጋሽ ፈንታው ኮፍያቸውን አውልቀው ከአጠገቧ ተቀመጡ። የትምወርቅ የኢሜይል ሳጥኗን ከፈተች። ያንን ደብዳቤ ደግማ ላለማየት ምላ ነበር፤ አልሰረዘችውም ግን። ለምን እንዳልሰረዘችው እሷም አታውቅም።

ዋናውን ቅጂ አሳይ የሚለውን ነካች። ጥቃቅን ጽሑፍ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሞላው።

«ያ ረቢ! ይሄ ሁሉ ማኅተም ነው?» አሉ ጋሽ ፈንታው።

«ሁሉም አይደለም። ማኅተሙን ከታች ወደ ላይ ነው የምናነበው፤ መጀመሪያ የተመታው ከታች ነው።» ይህን ስትል ጣቷን ከገጹ ላይ አነሳች። የአሳምነውን ደብዳቤዎች እንደዚሁ ነበር የምታነባቸው።

«አብሽሪ ልጄ፤ አንብቢ።»

«ይሄ ላይ ከአሳምነው ይላል። ይሄ ላኪው የጻፈው ነው፤ አይታመንም። ይሄ ደግሞ ደብዳቤው ባይደርስ ወደ ማን ይመለስ የሚለው ነው።» ጣቷ ቆመ። «የሱ አድራሻ አይደለም። የማላውቀው ነው።»

«ከፊት የአንዱ ስም፣ ከኋላ የሌላ ሰው መመለሻ። እሺ።»

«እዚህ ጋ ደግሞ የፍተሻው ውጤት አለ። የአሳምነው ሳጥን ያለበት ድርጅት 'በዚህ ስም ደብዳቤ እንዲልክ ለዚህ ማሽን ፈቃድ አልሰጠሁም' ብሏል። ወድቋል ነው የሚለው። ጋሼ፣ ወድቋል!» ጠረጴዛውን በእጇ መታችው። «ስድስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ ተጽፎ ተቀምጧል! ለመክፈት ደቂቃ አይፈጅም ነበር! እኔ ደግሞ መምህርት ነኝ እላለሁ!»

ጋሽ ፈንታው ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ። ከዚያ «ሰዓቱስ?» አሉ። «እኔ ማኅተም ላይ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው።»

«ላኪው ኮምፒውተር 3:12 ከአርባ ሰከንድ ላይ ላክሁ ይላል። መጀመሪያ የተቀበለው ጣቢያ ደግሞ 9:12 ከአርባ ሦስት ሰከንድ ላይ ተቀበልሁ ይላል። ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በኛ አገር ሰዓት ነው።»

«ስድስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ምን ሲሠራ ዋለ?»

«መንገድ ላይማ አልዋለም፣ ጋሼ። በመካከል ሌላ ጣቢያ የለም። ሰከንዶቹን ተመልከቱ፤ ሦስት ሰከንድ ነው የፈጀበት። የላኪው ሰዓት ነው የተሳሳተው።»

«በልክ ስድስት ሰዓት? ደቂቃ ሳያዛንፍ?» ሽማግሌው ግንባራቸውን አኮማተሩ። «የፈረንጅ ዘጠኝ የኛ ስንት ይሆናል?»

«ከጠዋቱ ሦስት።»

«ሦስት ካለማ ትክክል ብሏል። የላኪው ሰዓት አልተሳሳተም፣ ልጄ። እንደኛ ነው የሚቆጥረው።»

የትምወርቅ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አባቷ ለሱቁ ኮምፒውተር ገዛ፤ ገዝቶም ይረግመው ጀመር። «ይሄ እቃ ይዋሻል! ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ አሥራ ሁለት ሰዓት ይለኛል!» እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ያስቅ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሄደች፤ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችለት፤ በራሱ እንዳይስተካከልም ማስተካከያውን ዘጋችው። አባቷ ግንባሯን ስሞ «አሁን ሐበሻ ሆነ!» አለ። በከተማው ስንት ኮምፒውተር አለ፤ እሷ ያልነካችው ጥቂት ነው። እንዲህ የሚቆጥር ግን ያ አንድ ብቻ ነው። በገዛ እጇ፣ ለአባቷ ፍቅር ብላ ያደረገችው!

«ልጄ፣ ምነው? የማንን ቤት አየሽ?»

«የኛን» አለች። ገጹን አተመችና ተነሳች።

*

መንገድ ላይ ሰላም ያላት ሰው ሁሉ ምላሽ አላገኘም። የትምወርቅ ያተመችውን ገጽ ደረቷ ላይ ይዛ ትሮጣለች ቢባል ይቀላል፤ ሽማግሌው ከኋላዋ ያለከልካሉ። በገዛ ቤቷ! የእናቷ ፎቶ በተሰቀለበት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሰላም በተኛችበት ቤት! ስድስት ሳምንት ሙሉ ማዕድ ቀርቦ፣ እሷ መጉረስ አቅቷት ስትነሳ፣ «ተይው፣ ወንድ ሞልቷል» እያሉ ሲያጽናኗት የነበሩት እነማን ናቸው? ትራሷን በእንባ ስታርሰው በግድግዳው ማዶ የተኛው ማን ነው? እግዚኦ! ጠላት እንኳ እንዲህ አያደርግም፤ ጠላት ቢያንስ ቁርስ አያቀርብልህም።

ስትገባ ሁሉም እንደ ነበሩ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁንም ቆመዋል። አሳምነው በሩን ተደግፏል። የትምወርቅ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሱቁ ኮምፒውተር አሁን ስንት ሰዓት ይላል?»

አቶ ንጉሡ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ስምንት ይላላ! ስንት እንዲል ፈልገሽ ነበር? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስተካከልሽልኝ? በአገሩ ሁሉ እውነት የሚናገር ኮምፒውተር የኔ ብቻ ነው።»

«አዎ» አለች የትምወርቅ። «እውነት ተናግሯል።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ወንድዬ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። የትምወርቅ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ፣ አንድ በአንድ እያሳየች ተናገረች። መመለሻ አድራሻው የሌላ ነው። ፍተሻውን ወድቋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተላከው፤ ላኪው ኮምፒውተር ደግሞ ሦስት ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ዓለም ዘጠኝ ሲል። ጋሽ ፈንታው በየመሀሉ «በዓይኔ አይቻለሁ» እያሉ መሰከሩ።

«እና ምን ይሁን?» አለ ወንድዬ። «ሱቅ ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ማንም ሊነካው ይችላል።»

«ማንም? የይለፍ ቃሉን የምታውቀው አንተ ነህ። አባባ እንኳ አያውቀውም። እስቲ ዓይኔን እያየህ 'አላደረግሁትም' በለኝ። በእናታችን ፎቶ ፊት በለኝ!»

ወንድዬ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ወደ አባቱ ዞረ። «አባባ፣ አንተ አይደለህ እንዴ 'የገበሬ ልጅ ቤቴ አይገባም፣ አንድ ነገር አድርግ' ያልከኝ? አሁን እኔ ብቻ ልሁን?»

«አንድ ነገር አድርግ አልሁ እንጂ...» አቶ ንጉሡ ጀመረና አልጨረሰውም። ሽማግሌዎቹን አየ፤ ከዚያ የወንበሩን እጀታ አየ። «ላንቺው ብዬ ነው» አለ።

«ለኔ?» የትምወርቅ ድምፅ ደጅ ተሰማ። «'ሴት መሆንሽን አይቼው አላውቅም' የሚለውን ለኔ ብለህ ነው ያስጻፍከው? እምቢ ማለት መብትህ ነበር፣ አባባ! ሽማግሌ ፊት 'ልጄን አልሰጥም' ብትል እኔም አልቅሼ፣ ለምኜ፣ አኩርፌህ እኖር ነበር። እናንተ ግን የሰው ስም ሰረቃችሁ! በሰው አፍ ሰደባችሁኝ! ልጅህን በገዛ ልጅህ እጅ አስወጋህ፤ ከዚያ ደግሞ ቁስሌን ታብስልኝ ነበር። እነዚህን አባቶች ደግሞ ውሸታችሁን እንዲሰሙ ከማሻ ድረስ አስመጥታችሁ አቆማችኋቸው! ተቀመጡ እንኳ ማለት አቃታችሁ!»

አቶ ንጉሡ ተነሳ። በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ተቀመጡ» አለ።

«አሁንስ መቆሙ ይሻለናል» አሉ ጋሽ ፈንታው።

*

ከዚያ ሁሉም ወደ አሳምነው ዞሩ። የትምወርቅም ዞረች። ስሙ ነጽቷል፤ ሐሰቱ ወድቋል፤ አሁን ምን ቀረ? እንባዋን እየጠረገች ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። አሳምነው ግን አልሳቀም።

እጁን ወደ ሹራቡ ኪስ ሰደደ። አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። መታጠፊያዋ አልቆ ልትበጣጠስ ደርሳለች። መጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሄደሩ አጠገብ አኖራት።

«ይቺንስ መርምረሻታል?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የባሰው። «እኔ መርምሬያታለሁ። ሠላሳ ጊዜ መርምሬያታለሁ። ማኅተሟ ሁሉ ትክክል ነው፣ የትሜ።»

ሽማግሌዎቹን እጅ ነስቶ ወጣ።

የትምወርቅ ወረቀቷን ሳትገልጣት አወቀቻት። ያን ማክሰኞ፣ ደሟ እንደ ፈላ፣ ሳታስብ፣ ሳትመረምር፣ በአዲስ ገጽ የጻፈችለት መልስ ናት። ከዚያ ስልኩንም ኢሜይሉንም ዘግታበት፣ በሯን ዘግታ አልቅሳ ነበር። ወንድዬ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» ሲላት «የሚገባውን» ብላ ነበር።

ጋሽ ፈንታው ሊያነሷት ሲሉ ቀደመቻቸው። «አይ፣ ጋሼ። የሐሰቱ በጉባኤ ተነቧል። እውነተኛውም ይነበብ።» ገለጠቻትና አነበበች፦

«'ከጭቃ ቤት የወጣ ሰው ይሄው ነው። የወለደህ ድንቁርና፣ ያሳደገህ አመድ። እናትህም ጉልበቴን የምታሽልኝ የሀብታም ምራት አገኘሁ ብላ ከሆነ ሌላ ትፈልግ፤ የኔ እጅ ለዚያ አልተፈጠረም።'» ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ መለሰች። «ይሄን ማንም አላስጻፈኝም። ከኔ ሳጥን፣ በኔ እጅ ነው የወጣው። አባባ፣ አንተን ስወቅስህ ነበር። የገበሬ ልጅ ብለህ የናቅኸበት ንቀት እኔም ውስጥ ነበረ፤ ስቆጣ ወጣ።»

የትምወርቅ ነጠላዋን አነሳችና ወጣች። የሚከለክላት አልነበረም፤ ቢኖርም አትሰማውም ነበር።

ወደ መነኸሪያው በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ደረሰችበት። ተቀምጦ ሽማግሌዎቹን ይጠብቃል። እሷን ሲያይ ተነሳ።

«ይቅርታ አልልህም» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ይቅርታ ትንሽ ነው። አፈር ልብላልህ! እኔን ስደበኝ፤ ያልኩህን ሁሉ መልስልኝ።»

«ለኔ ያልሽውን ካነበብሁበት ቀን ጀምሮ ልረሳው ስታገል ነበር። የናደደ ሰው ብዙ ይላል። የእናቴ ነገር ነው የከበደኝ።»

«ሰምተዋል?»

አሳምነው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ታውቂያለሽ። ሐሙስ ሐሙስ ደብዳቤሽን አትሜ እወስድላታለሁ፤ አነብላታለሁ። ያን ሳምንትም ደጅ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። 'ምን አለች ልጄ?' አለችኝ። ወረቀትሽን ይዤ ቆምሁ። ዓይኔ ያየውን አፌ እንዴት ይበለው? 'እንዴት ዋሉ እናቴ ትልሻለች' አልኋት። 'ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ፣ ስመጣ በገዛ እጄ አሽልዎታለሁ ትልሻለች' አልኋት።» በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። «እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ መረቀችሽ። በሚቀጥለው ሐሙስም ያንኑ ወረቀት አነበብሁላት። ከዚያም በሚቀጥለው። ስድስት ሐሙስ መረቀችሽ። ሐሰተኛው እዚያ ቤትሽ ያለው ወንድምሽ ብቻ አይደለም፤ እኔም ስድስት ሐሰተኛ ደብዳቤ በስምሽ አንብቤያለሁ።»

የትምወርቅ ባሕር ዛፉን ይዛ አለቀሰች፤ መንገደኛው እያየ፣ ሳታፍር፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ አቧራ እየነካ። አሳምነው ነጠላዋን አንስቶ አለበሳት። እጁን ግን ቶሎ አልመለሰም።

ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ብቅ አሉ። አቶ ንጉሡ ባዶ ራሱን ከኋላቸው ይከተላል፤ ይለምናቸዋል መሰል፣ እጆቹን ዘርግቷል። የትምወርቅ ዞር ብላ አላየችውም። ለአባቷ የሚሆን ልብ አንድ ቀን ይመለስላት ይሆናል፤ ዛሬ ግን አልነበራትም።

«ሐሙስ ልጻፍልህ?» አለች።

«አትጻፊ» አለ። «ይዘሽው ነይ። አንዴ እንኳ እናቴ ከራስሽ አፍ ትስማው።»

የትምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሁለት እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ ጠመኔና የኮምፒውተር ፊደል እንጂ ሌላ ብዙ ያልነኩ እጆች ናቸው።

«የትኛው ጉልበታቸው ነው የሚያማቸው?» አለችው።

«ግራው» አለ አሳምነው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳይሸሽ እያየ። «ብርድ ሲሆን ግራው ነው።»